ለአቧራ፣ ለጭስ ወይስ ለቲነር? በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚሠሩ ሰዎች የመተንፈሻ ማስክ ንጽጽር

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሴራሚክ የሚቆርጠው፣ ገላን ላይ በር የሚበይደው፣ ቡራዩ ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀባውና ሰበታ ዶሮ እርባታ ውስጥ ኩስ የሚያወጣው ሠራተኛ አራቱም ሱቅ ገብተው «ማስክ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለሱቁም ለአራቱም አንዱኑ ያወጣላቸዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚያው ባንኮኒው ላይ ነው፤ ለአንደኛው የሚበቃው ለሦስተኛው ምንም አይፈይድለትም።

ስለዚህ በዋጋና በውፍረት አንጀምርም። መጀመሪያ የሚመለሰው ጥያቄ «አየሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። አቧራ ወይም የብየዳ ጭስ ከሆነ ጠጣር ብናኝ ነው፣ የብናኝ ማጣሪያ ይይዘዋል። የቲነር፣ የማጣበቂያ ወይም የአሞኒያ ሽታ ከሆነ ጋዝ ነው፣ በብናኝ ማጣሪያ መሐል እንደ ልቡ ያልፋል፤ የታከመ ከሰል ያለበት ካርትሪጅ፣ ማለትም ማስኩ ላይ የሚገጠም የጋዝ ማጣሪያ፣ ይፈልጋል። የሚረጭ ቀለም ሁለቱንም ስለሆነ ሁለቱንም ማጣሪያ ይጠይቃል። አራተኛው፣ ኦክስጅን ያነሰበት አየር፣ ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ማጣሪያ ጨርሶ የማይሠራበት ቦታ

ማጣሪያ አየርን ያጸዳል እንጂ አየር አይፈጥርም። ከምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶው ኦክስጅን ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ አየሩ ሳሳ ይላል እንጂ መቶኛው ያው ነው። ከ19.5 በመቶ ከወረደ ግን የትኛውንም ባለ ማጣሪያ ማስክ አድርጎ መግባት የለብዎትም፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን። በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የተዘጋ ታንከርና ማንሆል ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ውሃ ለመሳብ የቤንዚን ሞተር ጉድጓድ ውስጥ የሚያወርዱ ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ። ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ለቀለም የሚሸጠው ካርትሪጅም አይይዘውም። ጄኔሬተር ወይም የከሰል ምድጃ ያለበት የተዘጋ ክፍልም እንዲሁ ነው። ሰው ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ማስክ አጥልቆ ተከትሎ መውረድ ሁለተኛ ሬሳ መጨመር ነው። መግባት የግድ ከሆነ የሚገባው ሰው ከወገቡና ከትከሻው በገመድ ታስሮ፣ ከላይ የሚጎትቱት ሰዎች ቆመው፣ አየሩ በመሣሪያ ተለክቶ፣ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያደርስ መሣሪያ ተዘጋጅቶ መሆን አለበት። ይህ ካልተሟላ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ብቻ ነው ያለው።

ሻሽ፣ የሐኪም ማስክ፣ ወተት

እነዚህን ቶሎ እንለፋቸው። ሻሽ፣ ስካርፍና የጨርቅ ማስክ ትልልቁን ብናኝ ያስቀራሉ፣ ለአስፋልት አልባው መንገድ የበጋ አቧራ ከምንም ይሻላሉ፤ ለሥራ አይሆኑም። ሰማያዊው የሐኪም ማስክ የተሠራው የለባሹ ምራቅና ትንፋሽ ሰው ላይ እንዳይረጭ ነው፣ ጎንና ጎኑ ክፍት ነው። ሁለት ደርቦ ማድረግ መተንፈስ ያከብዳል እንጂ ክፍተቱን አይዘጋውም፤ እንዲያውም አየሩ ይበልጥ በጎን እንዲገባ ይገፋዋል።

ወተት የሚጠጣ በያጅና ቀለም ቀቢ ብዙ ነው። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚወርደው፤ ሳንባ የገባን ብናኝ አያጥብም፣ ጭስንም አያረክስም። ምግብነቱን ማንም አይጠላም። ነገር ግን ለሠራተኛው ወተት ገዝቶ ማስክ ያልገዛ ቀጣሪ ሳንባውን ከምንም አላዳነለትም።

ለድንጋይ፣ ለኮንክሪትና ለእንጨት አቧራ፦ የሚጣል ወይስ የላስቲክ ማስክ?

የድንጋይና የኮንክሪት አቧራን ክፉ የሚያደርገው ውስጡ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ነው። ግራናይት ብዙ አለው፤ አሸዋ ስላለባቸው ብሎኬትና ኮንክሪትም አላቸው፤ ንጹሕ እብነበረድ ጥቂት ነው ያለው። ለኪችን ጠረጴዛ የሚመጣው ሰው ሠራሽ ኳርትዝ ግን ከሁሉም ይብሳል፣ ከክብደቱ 90 በመቶ በላይ ሲሊካ የሆነ አለ። ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቀው ብናኝ ከ5 ማይክሮን በታች ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ዓይን የሚያየው ደመና ከበረደ በኋላም የማይታየው ብናኝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ግራይንደሩ ሲጠፋ ማስኩን አውልቆ ወለሉን በደረቁ መጥረግ፣ ወይም ልብስን በኮምፕሬሰር ማራገፍ ቀኑን ሙሉ የተጠበቀውን ሳንባ በአሥር ደቂቃ ማበላሸት ነው። ሲሊኮሲስ፣ ማለትም የሲሊካ አቧራ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ፣ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ለሳንባ ነቀርሳና ለሳንባ ካንሰርም ያጋልጣል።

ለዚህ ሥራ ሁለት አማራጮች ፊት ለፊት ይቀርባሉ፦ ተለብሶ የሚጣለው ማስክ፣ እና አፍንጫን፣ አፍንና አገጭን የሚሸፍነው፣ ግራና ቀኝ ማጣሪያ የሚገጠምለት የላስቲክ ማስክ።

የሚጣለውን ሲገዙ ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። ኤን 95 (N95) የአሜሪካ ነው፦ ለማጣሪያ አስቸጋሪ ከሚባለው ከ0.3 ማይክሮን ገደማ ብናኝ ቢያንስ 95 በመቶውን ይይዛል። የ«ኤን» ፊደል ዘይት ያለበትን ብናኝ እንደማይችል ያመለክታል፤ «ፒ» የሚችል ነው። የአውሮፓዎቹ (FFP የሚል የተጻፈባቸው) ኤፍኤፍፒ 1 (80 በመቶ)፣ ኤፍኤፍፒ 2 (94 በመቶ) እና ኤፍኤፍፒ 3 (99 በመቶ) ናቸው፤ ለድንጋይ ኤፍኤፍፒ 1 አይግዙ። ኬኤን 95 (KN95) የቻይና ነው፣ ጂቢ 2626 (GB 2626) የሚል የደረጃ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ማጣሪያው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ግን በጆሮ ስለሚንጠለጠል ከፊት ጋር አይጣበቅም፣ ለአቧራ ሥራ የማንመርጠውም በዚህ ነው። እውነተኛ ኤን 95 ከሆነ በራስና በማጅራት የሚታሰሩ ሁለት ላስቲኮች አሉት፣ ማስኩ ላይም ቲሲ-84ኤ (TC-84A) ብሎ የሚጀምር ቁጥር ታትሞበታል። የጆሮ ማንጠልጠያ ያለው «ኤን 95»፣ ወይም «ለሕፃናት የተፈቀደ» የሚል ካርቶን ካዩ ይተዉት፤ ኤን 95ን የሚያጸድቀው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ለሕፃናት የሚሆን አጽድቆ አያውቅም።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። በአሜሪካ ደንብ ሁለቱም በትክክል ከገጠሙ አቧራውን ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሳሉ ተብሎ ነው የሚታሰበው። ላስቲኩ ላይ 99.97 በመቶ የሚይዘውን ፒ 100 ቢገጥሙለትም ቁጥሩ ያው 10 ነው፤ ምክንያቱም ፍሳሹ ያለው ማጣሪያው ላይ ሳይሆን ማስኩና ፊትዎ የሚነካኩበት ጠርዝ ላይ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ውሎ ሲያድር ነው። የሚጣለው በላብና በትንፋሽ ይረጥባል፣ ቅርጹን ያጣል፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ጠዋቱ አይጣበቅም። የላስቲክ ማስኩ ግን ከፊትዎ ጋር እንደተጣበቀ ይቆያል።

ሒሳቡም ይናገራል። በወር 26 ቀን የሚሠራና በቀን አንድ የሚጥል ሠራተኛ በዓመት 312 ማስክ ይፈልጋል። ማንም ያን ያህል ስለማይገዛ አንዱን ለሳምንት ይለብሰዋል፤ ማስኩ የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። ላስቲኩ አንዴ ተገዝቶ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል፣ የሚለወጠው ማጣሪያው ብቻ ነው። ስለዚህ ድንጋይ፣ ሴራሚክ ወይም ኮንክሪት መቁረጥ የዕለት እንጀራው የሆነ ሰው ላስቲኩን ይግዛ እንላለን። አልፎ አልፎ ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት ለሚፈገፍግ፣ ሲሚንቶ ለሚያራግፍ፣ በወፍጮ ቤት እህልና በርበሬ ለሚያስፈጭ ወይም እንጨት ለሚልግ ሰው ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 ይበቃል። የላስቲኩ ትልቁ ጉድለት ድምፅ ማፈኑ ነው፤ ለማውራት ወደ አገጭ የሚወርድ ማስክ ሥራውን ያቆማል፣ ስለዚህ ከባልደረቦችዎ ጋር ቀድመው በእጅ ምልክት ይስማሙ።

አሥር እጥፍም የማይበቃበት አለ። የአሜሪካ የሲሊካ ገደብ በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.05 ሚሊግራም ነው፤ በተዘጋ ክፍል ኮንክሪት ወይም ኳርትዝ በደረቁ በግራይንደር ሲቆረጥ ከዚህ ከ10 እጥፍ በላይ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ በልክ ተፈትኖ የገጠመ፣ ዓይንንም ጨምሮ ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ማስክ (አቧራውን ወደ አንድ ሃምሳኛ የሚቀንስ) ያስፈልጋል። ርካሹ መንገድ ግን አቧራውን መቀነስ ነው። ሴራሚክ ከሆነ ቆርጦ የሚሰብረውን የእጅ መቁረጫ ይጠቀሙ፣ አቧራ የለውም ማለት ይቻላል። ኮብልስቶን በእጅ የሚጠርቡ ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ ድንጋዩን ደጋግመው ያርጥቡ። ለውሃ ባልተሠራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ግን ውሃ አያፍስሱ፤ ሳንባ ለማዳን ብለው በኤሌክትሪክ ይመታሉ።

ብየዳ

የብየዳ ጭስ የደቀቀ ብረት ነው፣ ስለዚህ የብናኝ ማጣሪያ ይይዘዋል። ኤፍኤፍፒ 2 ዝቅተኛው ነው፤ ስቴንለስ ለሚበይድ ከዚያ ከፍ ያለ፣ ፒ 100 ወይም የአውሮፓው ፒ 3 ማጣሪያ ያስፈልጋል፣ ጭሱ ክሮሚየም አለበትና። የሚጣለው በፍንጣሪ ይበሳል፤ ላስቲኩ ደግሞ ከብየዳ መነጽሩ ሥር ላይገባ ስለሚችል ጠፍጣፋ ማጣሪያ ያለውን ይምረጡ፣ ከመግዛትዎ በፊትም መነጽሩን ይዘው ሄደው አንድ ላይ ይሞክሩት። ጋልቫናይዝድ ቧንቧና ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ የዚንክ ነው። ማታ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳትና አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል፤ በአንድ ሁለት ቀን ስለሚለቅ ብዙዎች ጉንፋን ይሉታል። ዚንኩን ከሚበየድበት ቦታ ላይ አስቀድሞ መፋቅ ከማንኛውም ማስክ ይበልጣል፤ ሲፍቁም ማስክዎን ያድርጉ።

ቀለም፣ ቲነርና አሞኒያ

እዚህ የሚጣለው ማስክ ከውድድር ውጪ ነው። ላስቲኩ ወይም ሙሉ ፊቱ ከካርትሪጅ ጋር ይፈለጋል። ካርትሪጅ የሚመረጠው በፊደልና በቀለም ነው፤ ሱቆች ውስጥ የአሜሪካና የአውሮፓ ዕቃ ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። የቲነርና የቀለም ትነት የሚይዘው የአውሮፓው ቡናማ፣ «ኤ» (A) የሚል ፊደል ያለው ነው፤ የአሜሪካው ጥቁር ነው። ነጭ በአውሮፓ የብናኝ ማጣሪያ ነው፣ በአሜሪካ የአሲድ ጋዝ። ቢጫ በአውሮፓ የአሲድ ጋዝ ሲሆን በአሜሪካ የትነትና የአሲድ ጋዝ አንድ ላይ ነው። አረንጓዴ በሁለቱም አሞኒያ ስለሆነ የዶሮ ቤት ሠራተኛ የሚገዛው እሱን ነው፣ የላባና የኩስ ብናኝ ስላለም የብናኝ ማጣሪያ ይጨመርበት። ለሚረጭ ቀለም የሚሆነው የተደራረበው፣ ለምሳሌ «ኤ2 ፒ2» ወይም «ኤ2 ፒ3» የተጻፈበት ነው። ከካርትሪጁ ፊት የሚደረገው ስስ ማጣሪያ ጠብታውን ይይዛል፤ እሱ ከሌለ ከሰሉ በቀለም ይደፈናል።

ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት የመኪና ቀለምና ክሊር ሌላ ጉዳይ ነው። ሃርድነሩ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለው፣ ካርትሪጁ ማለቁን የሚያስታውቅ ሽታ የለውም፣ አንዴ ሰውነትን ካስቆጣ በጥቂቱም አስም ያስነሳል። ለዚህ የሚመከረው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ማስክ ነው። ያ ከሌለ ሃርድነር የሌለበትን ቀለም ይምረጡ ወይም ሥራውን አየር መሳቢያ ወዳለው ቀለም ቤት ይላኩ፤ በላሜራ በታጠረ ጋራዥ፣ በር ዘግቶ፣ በካርትሪጅ ብቻ አይርጩ።

ፊትዎና ማስኩ

ጥሩውን ማስክ ከንቱ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ፂም ነው። በአንድ ቀን ብቅ ያለ ፀጉር እንኳ በጠርዙ ሥር አየር ያስገባል። ፂሙን በእምነቱ የማይላጭ ሰው ከፊት ጋር መጣበቅ ያለበትን ማስክ ገዝቶ ከመታለል ይልቅ በባትሪ የሚሠራ፣ ራሱንና ፊቱን እንደ ቆብ የሚሸፍነውን ነፋሻ መሣሪያ ይፈልግ፤ ውድ ነው፣ ባትሪውም መብራት ሲኖር ቀድሞ መሞላት አለበት። ነጠላ፣ ሻሽ ወይም ሒጃብ የምታደርግ ሠራተኛ ጨርቁ በማስኩ ጠርዝና በቆዳዋ መካከል እንዳይገባ ትጠንቀቅ፤ ማሰሪያው ከጨርቁ ላይ ቢያርፍም የሚያንሸራትት እንዳይሆን።

የላይኛው ላስቲክ ከአናት ከፍ ብሎ፣ የታችኛው ከጆሮ በታች በማጅራት ይሁን። ሁለቱንም ማጅራት ላይ ማድረግ ወይም አንዱን መቁረጥ የማስኩን ጠርዝ ይከፍታል። የአፍንጫውን ብረት በአንድ እጅ አይጫኑ፤ መሐሉ ሹል ሆኖ ይቀራል። የሁለት እጅ ጣቶች ከመሐል ወደ ጎን እየጫኑ ያስተካክሉት።

ከዚያ ሁልጊዜ፣ በለበሱ ቁጥር፣ ይፈትሹ። የላስቲክ ማስክ ከሆነ የሁለቱን ማጣሪያ ፊት በመዳፍ ዘግተው ቀስ ብለው ይሳቡና 10 ሰከንድ ይቆዩ፤ ማስኩ ወደ ፊትዎ ተስቦ መቆየት አለበት። ቀጥሎ የትንፋሽ መውጫውን ዘግተው ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ማስኩ ትንሽ ይነፋል፣ በጎን ግን ምንም አይወጣም። የሚጣለው ላይ ሁለቱን እጆች ከማስኩ ላይ አድርገው ይተንፍሱ፤ አየር ወደ ዓይን ካለፈ ብረቱን፣ በጉንጭ ካለፈ ማሰሪያዎቹን ያስተካክሉ። ካልተስተካከለ ልኩ ያንተ አይደለም ማለት ነው፣ ሌላ መጠን ይሞክሩ፤ የላስቲክ ማስኮቹ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ሆነው ይመጣሉ።

አያያዝ

የሚጣለውን በፍጹም አይጠቡት፣ በአልኮል ወይም በበረኪናም አይንኩት። ክሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል አለ፤ ፀጉር ያበጠረ የፕላስቲክ ማበጠሪያ ቁራጭ ወረቀት እንደሚስብ ሁሉ ብናኙን የሚስበው እሱ ነው። ሳሙናና አልኮል ሙሉን ያጠፉታል፣ ማስኩ ሲታይ ግን ንጹሕና አዲስ ይመስላል። ከረጠበ፣ ከተጨማደደ፣ መተንፈስ ካከበደ ወይም ላስቲኩ ከላላ ይጣል። በወፍራም አቧራ ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ አያልፍም።

የላስቲኩን ገላ ግን በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ ያጥቡት። ማጣሪያዎቹን አውጥተው ለብቻ ያስቀምጡ፣ እነሱ ውሃ አይነካቸውም፤ በኮምፕሬሰርም አይነፉ፣ ውስጣቸው ይቀደዳልና። ገላውን ለብ ባለ ውሃ (ከ49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልበለጠ) እና በጥቂት ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ይፈግፍጉት። ቤንዚን፣ ቲነርና አልኮል ላስቲኩን ያደርቁታል። ሁለት ሰዎች በፈረቃ የሚጠቀሙበት ከሆነ ከታጠበ በኋላ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊሊትር በረኪና ጨምረው 2 ደቂቃ ይንከሩት፣ በንጹሕ ውሃም ደጋግመው ያለቅልቁት፤ የሚቀረው በረኪና ቆዳ ያቃጥላል፣ ላስቲኩንም ያረጃል። የሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ማስክ ሳይጸዳ ከአፍ ወደ አፍ መተላለፍ የለበትም፤ የተሻለው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ መኖሩ ነው። ከዚያ በጥላ ያድርቁት። ፀሐይና ምድጃ ላስቲኩን ይሰነጥቁታል።

ሲደርቅ በመጀመሪያ የትንፋሽ መውጫውን ክዳን ከፍተው ስሷን ክብ ላስቲክ ይዩ። ከሁሉ የሚረሳው ክፍል እሷ ናት፣ ከሁሉ በላይ አደጋ የሚያመጣውም እሷ ስትበላሽ ነው። አንድ ፀጉር፣ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወይም የደረቀ ቀለም ሥሯ ከገባ በሳቡ ቁጥር ያልተጣራ አየር በዚያ ይገባል፤ ከተጠማዘዘች ወይም ጠርዟ ከተነሳ ትለወጥ። ቀጥሎ የመግቢያዎቹን ሁለት ስስ ላስቲኮች፣ ከዚያም ማሰሪያዎቹን ሳብ አድርገው ይፈትሹ።

የብናኝ ማጣሪያ የሚለወጠው መተንፈስ ሲከብድ፣ ሲረጥብ ወይም ሲጎዳ ነው። ካርትሪጅ ግን ሽታ እስኪገባ አይጠበቅም፣ ሽታው ሲመጣ ከሰሉ ሞልቷል ማለት ነው። የከፈቱበትን ቀን በእስክርቢቶ ይጻፉበትና የመለወጫ ጊዜ ያስቀምጡለት፤ በየቀኑ ለሚረጭ ቀለም ቀቢ በየሥራ ቀኑ መጨረሻ መለወጥ ከመዘግየት ይሻላል። ክረምት ላይ እርጥበት ከሰሉን ስለሚይዝበት ጊዜውን ያሳጥሩ። በሥራ መካከል ሲያርፉም ቢሆን ማስኩን ከነካርትሪጁ በሚዘጋ ወፍራም ፌስታል ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያድርጉት። ምስማር ላይ ተሰቅሎ ካደረ ሌሊቱን ሙሉ የቀለም ቤቱን አየር ሲጠጣ ያድራል፣ ጠዋት የሚለብሱት ያለቀ ካርትሪጅ ነው። ሲያስቀምጡትም ከመዶሻና ከቁልፍ ሥር አይጫኑት፤ አንዴ የተጣመመ ጠርዝ ወደ ፊትዎ ቅርጽ አይመለስም።